ገዳዩን ማን ነገረን? የወንጀል ድራማ ስናይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ብርዱ ሰውን ወደየቤቱ ይሰበስባል። ጠባሴም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ በአማርኛ የተተረጎመ የወንጀል ድራማ ይከፈታል። አስከሬኑ ከተገኘ አስር ደቂቃ ሳይሞላ የቤቱ ትልቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እናትየዋ፣ “ይሄ ጠበቃው ነው፤ ምን አለች በሉኝ” ይላሉ። ልጆቹ “እማማ ደግሞ! እሱ እኮ የሟች ጓደኛ ነው” ብለው ይከራከራሉ። ከሳምንታት በኋላ ጠበቃው ሆኖ ይገኛል።

እንዴት አወቁ? የጣት አሻራ አላዩ፣ ምስክር አልሰሙ። ያዩት ሌላ ነው። ካሜራው ከሁሉም ይልቅ ጠበቃው ፊት ላይ ቆየት ብሏል። ስመ ጥር ተዋናይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ለመሄድ እንደማይቀጠር ያውቃሉ። መጀመሪያ የታሰረው ደሃ አትክልተኛ ደግሞ ገና በአንደኛው ክፍል ስለተያዘ እሱ ሊሆን አይችልም፤ እሱ ቢሆን ድራማው እዚያው ባለቀ ነበር። እኚህ እናት ፊደል ይቁጠሩም አይቁጠሩ፣ የድራማውን አሠራር ጥርት አድርገው አንብበዋል።

የሚዲያ ግንዛቤ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ሚዲያ ሊትረሲ፣ መነሻው ይኸው ነው። ያየነው ነገር በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን ማወቅ፤ ማን ለማን እንደሠራው፣ በምን ዘዴ እንደሠራውና ምኑን እንዳስቀረ መጠየቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስለ ሐሰተኛ ዜና ሲወራ ብቻ ነው። እኔ ግን ድራማ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ዜና ስናይ ቢያንስ “የማን ጣቢያ ነው?” እንላለን። ድራማ ሲመጣ “ልብ ወለድ ነው” ብለን በሩን ወለል አድርገን እንከፍትለታለን። ታሪኩ የተፈጠረ መሆኑ አይጠፋንም፤ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ማስረጃ፣ ስለ ተጠርጣሪና ስለ ፍርድ ቤት በጎን ያስተማረንን ግን ሳናስተውል ይዘነው እንቀራለን።

“ይህን ሁሉ እያሰቡ ማየትማ ደስታውን ይገድላል” የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መንዝ ውስጥ ባና የሚሠራ ሰው ድሩንና ማጉን ስላወቀ ባናው አላሞቀውም አይባልም። ጠበቃውን ቀድመው የጠረጠሩት እናት ከቤቱ ሁሉ በላይ በድራማው የሚደሰቱት እሳቸው ናቸው። ሌላው ተመልካች ከመርማሪው ጋር ብቻ ይሮጣል፤ እሳቸው ከመርማሪውም ከደራሲውም ጋር ይጫወታሉ። ደራሲው ሊያታልላቸው ሲሞክር ያዩታል፣ ሲያሸንፋቸውም ያደንቁታል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎመ የውጭ ድራማ የብዙ ቤት የማታ ልማድ ሆኗል። ከቱርክ የሚመጡት በአገራቸው በሳምንት አንዴ፣ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ እየሆነ የሚታዩ ናቸው። ለውጭ ገበያ ሲሸጡ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣሉ። ስለዚህ ሽጉጡ ተነጣጥሮ “ይቀጥላል” ሲባል፣ ያቺን ቦታ የመረጣት ብዙ ጊዜ ደራሲው አይደለም፤ ነገ እንድንመለስ የሚፈልገው ቆራጭ ነው። ድምፁ ደግሞ የራሱ ኃይል አለው። የኢስታንቡሉ ፖሊስ በአዲስ አበባ አማርኛ ሲያወራ ሕጉም የእኛው ይመስላል። ቱርክ ውስጥ ምርመራውን የሚመራው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ በአሜሪካ ድራማ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ጋ ፍርዱ የዳኞች ነው። ደብረ ሲና ቁጭ ብሎ የሚያይ ወጣት የሦስት አገር ሥርዓት በአንድ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል፤ አንድ ቀን ለራሱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲሄድ የሚጠብቀውን አያገኝም።

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሚመጣው ጀግናው መርማሪ እጁን ሲያነሳ ነው።

ትዕይንቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ታፍኗል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። መርማሪው የምርመራ ክፍሉን በር ከውስጥ ይዘጋል፣ ካሜራውን ያጠፋል፣ ተጠርጣሪውን በኮሌታው አንቆ ከግድግዳ ያላትመዋል። ሰውየው ይናዘዛል። ልጁ ይተርፋል። እኛም “ደግ አደረገ!” እንላለን። እንዲህ ያልነው ጨካኞች ስለሆንን አይደለም። ከአራት ደቂቃ በፊት ደራሲው ያንኑ ሰው የልጁን ቦርሳ ሲቀብር አሳይቶናል። ጥፋተኛ መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ስለዚህ ዱላው ያረፈው በጥፋተኛ ላይ እንደሆነ በእርግጠኝነት እናውቃለን። ይህን ዓይነቱን እርግጠኝነት በዓለም ላይ ያለ አንድም መርማሪ በዚያች ሰዓት አያገኘውም። እውነተኛው ማረፊያ ቤት ውስጥ ደራሲ የለም፤ ቦርሳው ሲቀበር ያየም የለም። ያለው የተጠረጠረ ሰውና “እሱ ነው” የሚል የአንድ ሰው ግምት ነው። ድራማው ቀስ በቀስ የሚያለማምደን ይህን ግምት እንደ እውቀት መቁጠርን ነው።

አንድ የሆነ ታሪክ ላንሳ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሌስተርሻየር በሚባለው አካባቢ፣ በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ። ወጣቱ ተጠየቀ፣ ሁለተኛዋን ልጅ መግደሉንም አመነ፤ የመጀመሪያዋን ግን አላውቅም አለ። ድራማ ቢሆን እዚህ ላይ ሙዚቃው ይነሳና ሁሉም እፎይ ይላል። ፖሊስ ግን ሁለቱንም ግድያ በእሱ ላይ ለማረጋገጥ ፈልጎ እዚያው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ሳይንቲስት ዘንድ ሄደ። አሌክ ጄፍሪስ ይባላል፤ ሰውን በዲ ኤን ኤ ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን ዘዴ ያገኘው ገና በ1984 ነበር። ናሙናው ሲመረመር ሁለቱንም ልጆች ያጠቃው አንድ ሰው መሆኑ ተረጋገጠ፤ ያ ሰው ግን ያመነው ወጣት አልነበረም። ዲ ኤን ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንጀል ምርመራ ሲውል የሠራው የመጀመሪያ ሥራ፣ በራሱ ላይ የመሰከረ ንጹሕ ሰው ነፃ ማውጣት ሆነ።

ከዚያ በኋላ በአካባቢው ያሉ ወደ 5,000 የሚጠጉ ወንዶች ናሙና እንዲሰጡ ተደረገ። የሚገጥም ጠፋ። ለካስ ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ አንድ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በእሱ ስም ደም አሰጥቷል። ያ ባልደረባ አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ ይህንኑ ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ተናገረች፤ ፒችፎርክ በ1987 ተያዘ፣ በ1988 ተፈረደበት። የዘመኑ ትልቁ ሳይንስ እንኳን ሥራውን የጨረሰው በሰው ወሬ ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን አረቄ ቤት የሚሰማ ዓይነት ወሬ። ይህን ጉዳይ አብዛኛው ድራማ ቢነካው የ17 ዓመቱን ወጣት ለአንድ ክፍል ማሳሳቻ ያደርገውና ይረሳዋል። ያልሠራውን ለምን እንዳመነ ቆሞ አይጠይቅም። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን እሱ ነው። ድካም፣ ፍርሃት፣ “እመንና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ” መባል፣ የዕድሜ ትንሽነት፤ ሰው ያላደረገውን እንዲናገር የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ድራማው እንደ ጀግንነት የሚያሳየን ክፍል ውስጥ አሉ።

የእኛ ሕግ በዚህ ላይ የሚለው ግልጽ ነው፤ ብዙ ተመልካች ግን የውጭ አገር ነገር ይመስለዋል። “ዝም የማለት መብት አለህ” የሚለውን ከአሜሪካ ፊልም ስለሰማነው የአሜሪካ ብቻ አድርገን እንወስደዋለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ነገር በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም እዚያው ተጽፏል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ፖሊስ ቃል ለማግኘት ማስፈራራትን፣ ተስፋ መስጠትንና ማባበልን ይከለክላል። በድራማው ቋንቋ ግን ዝም ያለ ሰው ሁልጊዜ የሚደብቀው አለ፤ ጠበቃ የጠራ ሰውም እንዲሁ። የመብቱ ባለቤት የሆነው ተመልካች በመብቱ የሚጠቀም ሌላ ሰው ሲያይ እንዲጠረጥር ሠልጥኗል ማለት ነው።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለውም ከዚሁ አንቀጽ ነው። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ በ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም። መንገዱ ገደልና ዳገት በሆነበት በመንዝ ወይም በመርሐቤቴ ገጠር ይህች ሐረግ ትልቅ ትርጉም አላት። ድራማው ግን ተጠርጣሪውን ዛሬ ማታ ይዞ፣ ነገ ጠዋት ችሎት አቁሞ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ይፈርድበታል።

እዚህ ላይ የራሳችንን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ሸዋን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍል ወንጀል ይጣራበት የነበረ የቆየ ሥርዓት አለ፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ከብት ጠፍቶ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ ያደረገው ካልታወቀ አገሬው እንዲሰበሰብ ይታዘዛል፤ የቀረ ይቀጣል። ሁሉም በየተራ የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ስሙ ሳይወጣ ጥቆማ የሚሰጠው “ወፍ” ይባላል። ስም እስኪገኝ ድረስ ሰው እርሻውን ትቶ ይመላለሳል። ብልሃት ነበረበት፤ ምስክር የሚያስፈራራ ኃያል ባለበት ሰፈር እውነት በወፍ በኩል ይወጣል። አደጋም ነበረበት፤ እርሻው የታጎለበት ጉባኤ ስም ይፈልጋል፣ ስም ሳይገኝ አይበተንም። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ይሰጠውና ደንዝዞ ይሄዳል፣ የገባበት ቤት ሰው ሌባ ይባላል። ይህኛው ኋላ በመንግሥት ተከልክሏል።

ሌላው የሙግት ባህላችን ደግሞ ተጠየቅ ነው። ዛፍ ሥር ሁለቱ ተሟጋቾች ቆመው፣ “በላ ልበልሃ” እያሉ፣ ውርርድ ገብተው፣ አንዱ የሌላውን ቃል እያነሳ በነጥብ ይፋጫሉ። ከቦ የቆመው ሰው የሚሰማው ከሁለት ወገን ነው፤ ማን ሸርተት እንዳለ፣ ማን ያልተጠየቀውን እንደመለሰ ይለያል።

የወንጀል ድራማ ከሁለቱ የሚመስለው አፈርሳታን ነው። ስም ካልወጣ አያልቅም። የምርመራ መዝገብ ማስረጃ በማጣት ተዘግቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያልቅ ድራማ ማን ይገዛል? ስለዚህ ድራማው የሚጠይቀን “ማን ነው?” ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ጥያቄ ግን “በምን ተረጋገጠ?” ነው። በነቃ ዓይን ማየት ማለት በአፈርሳታው ውስጥ ተቀምጦ የተጠየቅን ጆሮ መያዝ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ያሉት አባቶች ይህን ጆሮ ከማንም አልተዋሱትም።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው። ሲ ኤስ አይ የተባለው የአሜሪካ ድራማ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ የወንጀል ድራማ መልኩ ተቀይሯል፤ ጀግናው ነጭ ጋዋን ለብሶ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ሆነ። የአሜሪካ ዐቃቤያነ ሕግም “ሕዝቡ ያለ ዲ ኤን ኤ አልፈርድም እያለ አስቸገረን” ማለት ጀመሩ። ይህ እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ በሚሺጋን ዶናልድ ሼልተን የተባሉ ዳኛ በ2006 ከሕዝብ መካከል ፍርድ ሰጪ ሆነው እንዲቀመጡ የተጠሩ ከ1,000 በላይ ሰዎችን መጠይቅ አስሞሉ። በማንኛውም የወንጀል ጉዳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንጠብቃለን ያሉት 46 በመቶ፣ በማንኛውም ጉዳይ ዲ ኤን ኤ እንጠብቃለን ያሉት 22 በመቶ ሆኑ። ድራማውን የሚያዩት ከማያዩት ይበልጥ ይጠብቃሉ። ወደ ፍርዱ ሲመጣ ግን በአብዛኛው ሁኔታ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ዳኛው የደረሱበት፣ የሰውን ግምት ከፍ ያደረገው አንድ ድራማ ብቻ ሳይሆን ቴክኖሎጂ በየኑሮው የገባበት ዘመን ነው የሚል ነው። ድራማ ይቀርጸናል ስንል ልኩን ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው፤ ሰው ያየውን ሁሉ የሚውጥ ፍጥረት አይደለም።

ስክሪኑ ላይ የማይታየው የሳይንሱ ድካም ነው። ሉሚኖል የሚባለው ፈሳሽ የታጠበ ደም ላይ ሲረጭ ሰማያዊ ያበራል፤ እውነት ነው። ግን ጨለማ ይፈልጋል፣ ብርሃኑ ወዲያው ይጠፋል፣ ለበረኪናም እንደ ደም ያበራል። የጣት አሻራም ኮምፒውተሩ ጢው ሲል የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የሚቀራረቡትን ነው፤ የሚወስነው ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል። በ2004 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በኦሪገን የሚኖር አንድ ጠበቃ አሻራው ገጥሟል ብሎ አሰረው፤ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ተለቆ ይቅርታ ተጠየቀ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ ከዲ ኤን ኤ በቀር ማስረጃን ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያያይዝ በጥብቅ ጥናት የተረጋገጠለት የፎረንሲክ፣ ማለትም ለወንጀል ምርመራ የሚውል የሳይንስ ዘዴ እንደሌለ ገልጿል። ሳይንሱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። “ገጥሟል” ሲባል “በምን ያህል እርግጠኝነት?” ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ያስፈልገናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ድራማው ያስተማረን መልካም ነገርም አለ፤ በዚህ በኩል ላመሰግነው እወዳለሁ። ድሮ ሰው ሞቶ ሲገኝ መንደሩ ሁሉ ገብቶ ያነሳው፣ ያስተካክለው፣ ቤቱን ይጠርገው ነበር። ዛሬ “ተው፣ አትንኩ፣ ፖሊስ ይምጣ” የሚል ወጣት አይጠፋም። የተደፈረች ልጅ ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ፣ ቶሎ፣ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት ከድራማ የሰማች እናት ለልጇ ትልቅ ነገር ታደርጋለች። ድራማው የዘለላትን አንዲት ነገር ልጨምር፦ ልብሱ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል።

ሌላው ሳናስተውለው የሚያልፈን ትዝታ የሚታይበት መንገድ ነው። ምስክሩ “በዚያ ሌሊት…” ሲል ስክሪኑ ይደበዝዝና ያ ሌሊት ራሱ ይመጣል፤ ዝናቡ፣ መኪናው፣ የገዳዩ ጃኬት። ማህደረ ትውስታ ቪዲዮ ይመስል። በ1974 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ባልደረባዋ ለ150 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ለ50ዎቹ “መኪኖቹ ሲጨፈላለቁ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?”፣ ለሌሎቹ 50 “ሲጋጩ ስንት ነበር?” አሏቸው፤ የቀሩትን ስለ ፍጥነት አልጠየቋቸውም። ከሳምንት በኋላ “የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?” ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 16፣ ከሁለተኛዎቹ 7 አየን አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ጥያቄው ብቻ ትዝታውን ለወጠው። ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም፤ ድንበር ላይ ጠብ ተነስቶ ሰው ሲሞት ሦስት ሰዎች ምስክር ሆነው ይጠራሉ፤ ከመጠራታቸው በፊት ግን ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነገሩን አብረው ሲያወሩት ከርመዋል። ሳይዋሹም ያላዩትን ሊያዩ ይችላሉ። ትዝታን እንደ ቪዲዮ የሚያሳየን ድራማ ይህን ጥርጣሬ ከእጃችን ይወስድብናል።

ስለ ፍርሃትም ይነሳል። ጆርጅ ገርብነር የሚባሉ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ ክፉ አድርጎ ያያታል ብለው ተከራከሩ። ሌሎች በ1979 በቶሮንቶ ጉዳዩን መልሰው ሲያጠኑ፣ የሚኖርበት ሰፈር በሂሳቡ ውስጥ ሲገባ የቴሌቪዥኑ ተጽዕኖ ሟሸሸ። ለእኔ የሁለተኞቹ ክርክር ይበልጥ ይገባኛል። እውነተኛ የተኩስ ሌሊት ያሳለፈ የሰሜን ሸዋ ሰው ፍርሃትን ከድራማ አይማርም፤ ጀግናው በጥይት መካከል ቆሞ ሲያወራም የውሸት መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል። ድራማው የሚያሳስተን ይልቅ ማንን እንደምንፈራ ነው። ስክሪኑ ላይ ገዳዩ እንቆቅልሽ የሚጽፍ እንግዳ ሰው ነው። እዚህ ሰው የሚገዳደለው ባመዛኙ ከሚያውቀው ጋር፣ በድንበር፣ በውርስ፣ በመጠጥ በተነሳ ጠብና በቆየ ቂም ነው። ሽማግሌ ቶሎ ቢገባበት ሊበርድ የሚችለውን ጠብ ድራማ አያሳይም፤ ምስጢር የለበትማ።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ልጆችን ሪሞት መንጠቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ስልኩ ላይ ያዩታል። አብሮ ማየትና ማውራት ይሻላል፤ ቡናችን ለዚህ የተመቸ ነው። ማስታወቂያ ሲገባ “እስካሁን ዳኛ ፊት ሊቀርብ የሚችል ምን ማስረጃ አለ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልጆቹ የሚቆጥሩት አብዛኛው ነገር ሙዚቃና የካሜራ ትኩረት ሆኖ ያገኙታል። አንዱን የተጠርጣሪው ጠበቃ፣ ሌላውን ዐቃቤ ሕግ አድርጎ ተጠየቅ ማጫወት ደግሞ የተሻለ ነው። ዕድሜያቸው አስራ ሁለትና አስራ ሦስት የሆኑ ልጆች ይህን ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ተጠርጣሪውን ከሁሉ በላይ ይጠላ የነበረው ልጅ ጠበቃው ሲሆን በአንድ ምሽት ሦስት የተዘለሉ ጥያቄዎች አወጣ፤ ቁልፉ ሌላ ማን ጋ እንዳለ ማንም አልጠየቀም፣ የመጀመሪያዋ ምስክር ስንት ሜትር ርቃ እንደቆመች አልተነገረም፣ አትክልተኛው ያመነው በስንተኛው ሰዓት ነው?

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ድራማው አልቆ ዜናው ሲጀምር ነው። እጁ በካቴና የታሰረ ሰው ይታያል፤ ከሥሩ ልክ እንደ ድራማው ሙዚቃ ገብቷል፤ አቅራቢው “ወንጀለኛው” ይለዋል። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ሲደርስ ስሙና ሰፈሩ ተጨምሮበታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። የዚያ ሰው ልጆች ነገ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እኛ ባየነው ቪዲዮ መካከል አልፈው ነው።

ስለዚህ ዜናው ላይ የሚሰሙትን ቃላት በየደረጃቸው ማወቅ ይጠቅማል። “በቁጥጥር ስር ዋለ” ማለት ተጠረጠረ ማለት ብቻ ነው። “ፍርድ ቤቱ 14 ቀን ፈቀደ” ሲባል ብዙ ሰው “አሃ፣ አገኙበት” ይላል፤ የተፈቀደው ግን ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ የጠየቀው ጊዜ ነው፤ ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ዋስትና ሲከለከልም ጥፋተኛ ነው ተብሎ አይደለም፤ አንዳንድ ከባድ ክስ በባሕርዩ ዋስትና ያስከለክላል። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ሰውየው ተከሳሽ ይሆናል፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የሚቀጥለው ነው። “ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ሰጠ” የሚለው ዜና ሲሰማ ቡናው ላይ “ተፈረደበት” ይባላል። ብይኑ የሚለው፣ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ መልስ ካልተሰጠበት ጥፋተኛ ሊያሰኝ ይችላል፣ ስለዚህ አሁን ያንተን ምስክሮች አምጣ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እዚያም ካልደረሰ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። “ይከላከል” በተባለበት ቀን ከሙግቱ የተሰማው የአንዱ ወገን ብቻ ነው፤ የሌላኛው ገና ሊጀመር ነው።